ከቾክታው ምድር የመጡት ተከራያችን

ተከራያችን የመጡ ዕለት ሰፈሩ ተከራከረ። ከታክሲ ሁለት ሻንጣ አውርደው በራችን ላይ ሲቆሙ ያየ ሁሉ የየራሱን ገመተ። ባለሱቁ ፊሊፒናዊት ናቸው አለ። ፊት ለፊታችን ያለው በር ሠሪ ቻይና ናቸው አለ። ጎረቤታችን ሐጂያ ደግሞ መካ ላይ እንዲህ ያለ መልክ አይቻለሁ፣ ከኢንዶኔዥያ ነው የሚመጡት አሉ። ፈረንጅ ናቸው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ጠይም ናቸው፤ ጉንጫቸው ሰፋ ያለ ነው፤ ሽበት የወረረው ፀጉራቸው በአንድ ጉንጉን ወገባቸው ድረስ ይወርዳል።

እኔ ከየት እንደመጡ አውቅ ነበር። ቤቴል አካባቢ ባለ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ነው የምሠራው። እሳቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ሲሆኑ፣ የክሊኒኩን ወጣት አዋላጆች ለሁለት ዓመት ሊያሠለጥኑ ከአሜሪካ መጡ። ሆቴል አልፈልግም፣ ሰው ያለበት ግቢ ፈልጉልኝ ስላሉ ኮልፌ ከሚገኘው ግቢያችን ሰርቪስ ቤቱን አከራየናቸው። ግቢው ውስጥ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ወንድምም እህትም የለኝም።

በመጡ በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ ነበር፣ እናቴ ምሳ ጠራቻቸው። ክትፎ በቆጮ አቀረበች። እናቴ ጉራጌ ናት፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው ከአገር ቤት የመጣችው፣ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስም ኮልፌ ገበያ ቅቤና ቆጮ ስትሸጥ ኖራለች። ተከራያችን ቆጮውን ቆርሰው ቀመሱና ከምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ጓሮ ወስጄ እናቴ የተከለቻቸውን ሦስት እግር እንሰት አሳየኋቸው። ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ተመልሰን ስንቀመጥ እናቴ፣ "እስቲ ጠይቂልኝ፣ አገሯ የት ነው?" አለችኝ።

"አሜሪካ ነው አልኩሽ እኮ።"

"እሱንማ ሰማሁ። አገሯን ነው የምልሽ። የአባቷን አገር።"

ተረጎምኩላቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡና እናቴን አዩዋት። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ እንደማያጋጥማቸው በኋላ ነገሩኝ።

"እኔ ቾክታው ነኝ" አሉ።

ቀስ ብለው ደገሙልን። እናቴ ቃሉን ሁለት ጊዜ ሞከረችው። ቾክታው ማለት ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ እዚያ የኖረ ሕዝብ ነው፣ አገራችንም ሚሲሲፒ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው አሉ። ቀይ አፈር፣ ብዙ ጥድ፣ ረግረጉ ላይ ሸምበቆ። እዚያ አንድ ትልቅ ጉብታ አለ። የጥንት ሰዎች አፈር በቅርጫት እየተሸከሙ የከመሩት ነው።

"እናታችን ነው የምንለው" አሉ። "ከእሱ ውስጥ ነው የወጣነው የሚሉ አሉ። አይደለም፣ የሞቱ ወገኖቻችንን አጥንት ተሸክመን ከሩቅ መጥተን ነው እዚያ ያረፍነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም እየሰማሁ ነው ያደግኩት።"

"አጥንታቸውን ተሸክመው?" አለች እናቴ።

"አዎ። ጥለዋቸው መሄድ አልሆነላቸውም።"

"ሰው ናቸው" አለች እናቴ። ከእሷ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አይወጣም።

ቀጥሎ የነገሩንን ለመተርጎም ተቸገርኩ። በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን መሬቱ ለጥጥ እርሻ ተፈለገ። ሕዝቡ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ በብርድ ወቅት ሽማግሌውም ሕፃኑም መንገድ ገባ፣ ብዙ ሰው ሳይደርስ ቀረ። ጥቂቶች አንሄድም ብለው እዚያው ቀሩ። የእሳቸው ቤተሰብ ከቀሩት ወገን ነው። ቢቀሩም መሬቱ በእጃቸው አልቀረም። እናታቸው የሰው ጥጥ ስትለቅም ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው፣ ከምርቱም ድርሻው ለባለመሬቱ ነበር። ይህን የምልበት ቃል አጥቼ ስንተባተብ ድንገት "ጭሰኛ" የሚለው መጣልኝ።

"በገዛ አገራቸው ጭሰኛ ሆኑ ነው የሚሉት" አልኳት።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ጭሰኛ ነበር። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከራያችንን "እህቴ" ነው የምትላቸው።

እንዴት እንደሚግባቡ እስካሁን አይገባኝም። እኔ ሥራ ስውል ሁለቱ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እናቴ በአማርኛ ታወራለች፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ሐጂያ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ ሲያደርጉ ደግሞ እናቴ ወደ ጉራጊኛ ትዞራለች። ሐጂያ እስላም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን፤ አገራቸው ግን አንድ ወንዝ ማዶና ማዶ ነው። ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ይፈጥናሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ያን ሳቅ ከልጅነቴ ጀምሮ ከውጭ ነው የምሰማው።

አንድ ቀን ከክሊኒክ አብረን ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ተከራያችን ድንገት ጠየቁኝ።

"እናትሽ ከጎረቤቷ ጋር የምትነጋገርበትን ቋንቋ አንቺ ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"ለምን?"

ለምን እንደማልችል ተጠይቄ አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ልጆች ስለሚስቁ አማርኛሽ እንዳይበላሽ ብላ ነው እናቴ ያላስተማረችኝ አልኳቸው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። ትንሽ ልጅ ሆኜ ገበያ መሃል በጉራጊኛ ስትጠራኝ አፍሬ ሰምቼ እንዳልሰማሁ የሆንኩባቸው ቀናት አሉ። ከዚያ በኋላ ነው መጥራቷን የተወችው። ይህን አልነገርኳቸውም።

"ትምህርት ቤት ስገባ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አላውቅም ነበር" አሉኝ። "ቤት ውስጥ የምንናገረው የእኛን ብቻ ነው። እህቴ ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ አጠገቤ ተቀምጣ በጆሮዬ ትተረጉምልኝ ነበር። ዛሬም ቢሆን ሕልሜን ለእሷ ካልሆነ ለማንም በደንብ መናገር አልችልም።" መስኮቱን ዘጉና፣ "ተማሪ። ጊዜ አለሽ" አሉኝ።

እማራለሁ አልኩ። እንዲሁ ለመመለስ ያህል ነው ያልኩት።

እህታቸውን በድምፅ እናውቃቸዋለን። እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ እዚያ ጠዋት ሲሆን ማለት ነው፣ ስልክ ይደወላል። ተከራያችን ሰርቪሱ በር ላይ ተቀምጠው በቾክታው ቋንቋ ያወራሉ። ለስለስ ያለ፣ ትንፋሽ የበዛበት ቋንቋ ነው። እህታቸው ከረግረጉ ሸምበቆ እየቆረጡ ሰንጥቀው፣ ቀለም ነክረው ቅርጫት የሚሠሩ ሴት ናቸው። አንዱን ቅርጫት ተከራያችን ይዘውት መጥተዋል፤ እናቴ ገልብጣ ታየውና ስፌቱ መጨረሻው የት እንደሆነ ሳታገኝ ትመልሰዋለች።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ስልኩ እሁድ ባልሆነ ቀን ጮኸ። ከእህታቸው ልጅ ነበር። እህታቸው ጓሮ ወድቀው ተገኝተዋል።

ተከራያችን ያን ሰሞን በሳንባ ምች ተኝተው ነበር። የክሊኒካችን ሐኪም በምንም ዓይነት አውሮፕላን አይሳፈሩም አላቸው። ቀብሩ ያለ እሳቸው ሆነ። ክፍላቸው ገብቼ ሳያቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። አያለቅሱም።

"ቋንቋችንን የሚናገር ሌላ ብዙ ሰው አለ" አሉኝ። "በሺህ የሚቆጠር። ግን እናታችን ቤት ውስጥ ስትናገር የነበረውን የሚያውቅ ሌላ የለም። አሁን ከእኔ ጋር ብቻ ቀረ።"

ለእናቴ ነገርኳት። ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። የሄደችው የእድሩ ሰብሳቢ ዘንድ ነው፤ እኔም ዣንጥላ ይዤ ተከተልኳት። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ደንብ ይወዳሉ።

"ተከራይ አባል አይደለም" አሉ። "ያውም የሞቱት አሜሪካ ነው።"

"አባሏ እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "እህቴ ሞታብኛለች። ድንኳኑን ለእኔ ትከሉልኝ።"

"እህትዎ ከሞቱ ቆዩ እኮ። እኔው ራሴ ለቅሶ ደርሻለሁ።"

"ይቺ ሌላዋ ናት።"

ሰብሳቢው እናቴን አዩዋት፣ ወደ እኔ ዞሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

"ስንት ወንበር ይበቃል?" አሉ።

ድንኳኑ ግቢያችን በር ላይ ተተከለ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ሦስት ቀን ጣለ፤ ሰውም ሦስት ቀን ሙሉ መጣ። ባለሱቁ መጣ፣ በር ሠሪው መጣ፣ ክሊኒክ ያሠለጠኗቸው አዋላጆች መጡ። ሐጂያ ንፍሮውን እኔ ነኝ የምቀቅለው ብለው ማንንም አላስጠጉም። ተከራያችን ፍራሹ ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠው፣ የሚገባ ሰው ሁሉ እያጎነበሰ በማያውቁት ቋንቋ "እግዜር ያጥናዎት" ሲላቸው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰው ለማያውቃቸው ሴት ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግራ ገብቷቸው እንደነበር በኋላ አጫወቱኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊነሳ ሲል፣ ተነሥተው ቆሙ። መናገር እፈልጋለሁ አሉኝ። እንግሊዝኛ መስሎኝ ልተረጉም አጠገባቸው ቆምኩ። የተናገሩት ግን በቾክታው ነበር። ረጅም ንግግር ነው። ድምፃቸው አልጮኸም፣ አልተቆራረጠም። አጠገቤ ያለች ሴት፣ "ምን እያሉ ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

ግን አለቀሰች። እናቴም፣ ሐጂያም፣ ሰብሳቢውም አለቀሱ። ተከራያችን ራሳቸው ያለቀሱት ሁላችን ካለቀስን በኋላ ነው፤ ካለቀሱ ደግሞ ማቆም አቃታቸው፣ እናቴ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘቻቸው። ምን እንዳሉ ማታ ጠየቅኋቸው። "ማን እንደነበረች ነገርኳቸው" አሉ። "የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣን፣ ሸምበቆውን የምትቆርጠው የትኛው ረግረግ ዳር እንደሆነ። ሰው ሲሞት ይህን የሚናገር መኖር አለበት።"

ያ ክረምት አልፎ መስከረም ሲገባ ሰፈራችን ለልማት እንደሚፈለግ ተነገረን። ወሬው ለዓመታት ሲወራ ስለኖረ መጀመሪያ ያመነ አልነበረም። ከዚያ ቀይ ቀለም ይዘው መጡና በሮቻችን ላይ ምልክት አደረጉ። ምትክ ቤት ይሰጣችኋል ተባልን፤ ተሰጠንም። ችግሩ የተሰጠው በዕጣ መሆኑ ነው። እኛ በከተማው አንድ ጫፍ ያለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ሐጂያ በሌላኛው ጫፍ ደረሳቸው። ሰብሳቢው ሌላ ቦታ፣ ባለሱቁ ሌላ ቦታ።

እድሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበ ቀን ድስቶቹንና ወንበሮቹን ለመከፋፈል ነበር። ድስት የሚወስድ ተገኘ። ወንበርም የሚወስድ ተገኘ። ድንኳኑን ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት እናስቀምጠዋለን ብሎ ሁሉም ተወው። መሬት ላይ ተጣጥፎ ተቀምጦ ብዙ ቆየ። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ከልጃቸው ጋር ተሸክመውት ሄዱ።

ተከራያችን እነዚያን ሳምንታት ከሥራ እየተመለሱ ዕቃ ሲያስሩልን ከረሙ። ብዙ አይናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ እናቴን በእኔ በኩል ጠየቋት።

"ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?"

"ምን ይያዛል?" አለች እናቴ። ከዚያ ጓሮውን አሳየቻቸው። "እሱን ይዤ ብሄድ ነበር።"

ሁለቱ ሴቶች ትንሿን እንሰት በአካፋ አወጧት። እናቴ ሰባ ስምንት፣ ተከራያችን ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሥሯን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ጋር አይሱዙ ላይ ጫኗት። አዲሱ ቤት በረንዳ ላይ በባልዲ ተተክላ ሁለት ወር ያህል ቆየችና ከመሃሏ በሰበሰች።

ቤቱ ሲፈርስ ለማየት እናቴ አልመጣችም። እኔና ተከራያችን ሄድን። የፈረሰው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት አልፈጀም። የሳሎናችን ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም ለትንሽ ጊዜ ለብቻው ቆሞ ታየኝ። ተከራያችን ክንዴን አጥብቀው ያዙ።

"እኔ ይህን በታሪክ ነው የማውቀው" አሉኝ። "ስሰማው ነው ያደግኩት። አይቼው አላውቅም ነበር።"

እኛ መንገድ ላይ በእግር አልተባረርንም፣ ቤት ተሰጥቶናል፣ ከእናንተ ጋር አይመሳሰልም ልል ፈልጌ ነበር። አላልኩም። ያን ዕለት የሚመሳሰለውን ከማይመሳሰለው መለየት አልቻልኩም።

የውላቸው ጊዜ ስላለቀ በዚያው ወር ወደ አገራቸው ተመለሱ። እናቴን ለመሰናበት አራቱን ፎቅ ወጡ። "በእኛ ቋንቋ ደህና ሁኚ ብለን አንሄድም፣ አይሻለሁ ነው የምንለው" አሏት። ተረጎምኩላት።

"እኔ ግን አላይሽም" አለች እናቴ፣ ያለ ቅሬታ፣ የእውነቱን ለመናገር ብቻ። ከዚያ ተቃቀፉ።

አዲሱ ቤት ውሃም መብራትም ነበረው። ጠባብም አይደለም። እናቴ ግን የምታናግረው ሰው አጣች። እኔ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ ሁለት ታክሲ ይዤ ቤቴል እደርሳለሁ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ለሐጂያ ትደውል ነበር። ሐጂያ ግን ጆሯቸው እየደከመ ስለሄደ ስልክ አይሰሙም፤ ሁለቱ "ሃ? ሃ?" ሲባባሉ ቆይተው ይዘጋሉ። በአካል እንዳይገናኙ ሐጂያ ጉልበታቸውን ታመዋል፣ እናቴም ደረጃ ፈርታለች። ቀስ በቀስ መደወሉ ቀረ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ብቻዋን በጉራጊኛ ስታወራ አንድ ሁለት ጊዜ ደርሼባታለሁ። ስታየኝ ወደ አማርኛ ትመለሳለች።

አዲሱ ቤት በገባን በሰባተኛው ወር ስትሮክ መታት።

ሆስፒታል ስትነቃ ቀኝ እጇ አይታዘዝም ነበር፤ ንግግሯ ግን ነበረ። ያወራችው በጉራጊኛ ነው። ለነርሷም፣ ለሐኪሙም፣ ለእኔም። እኔ በአማርኛ ሳናግራት ፊቴን ትኩር ብላ ታያለች፣ የማይገባት እንደሆነ ያስታውቃል። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አስረዳኝ። እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ይሄድና የመጀመሪያው ይቀራል አለኝ። "አንቺ ትችያለሽ አይደል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ ክፍሏ ተመለስኩ።

ቤት ወሰድኳት። የማውቃቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ "አዶት" እናት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጥቂት የምግብ ስሞች አውቃለሁ። ስትናገር ውሃ እሰጣታለሁ፣ ትገፋዋለች። ትራሷን አስተካክላለሁ፣ ደግማ ያንኑ ትናገራለች። አንድ ቃል ደጋግማ ትላለች፣ መጨረሻው ላይ ድምጿ ከፍ ይላል፣ ጥያቄ ነው። ምን እንደምትጠይቀኝ አላውቅም። ፎቁ ላይ ጉራጊኛ የሚችል ፈልጌ አጣሁ፤ አንድ የተገኘ ወጣትም የሌላ አካባቢ ሆኖ አልተግባቡም።

ለተከራያችን ደወልኩ። ለሌላ ሰው ያልነገርኩትን፣ የገበያውን ነገር፣ ስትጠራኝ እንዳልሰማሁ መሆኔን ሁሉ ያን ቀን ነገርኳቸው። አላጽናኑኝም፣ አልወቀሱኝምም።

"ቅጂያት" አሉ። "ስልክሽን አጠገቧ አድርጊና የምትለውን ሁሉ ቅጂ። ከዚያ ቋንቋዋን ለምታውቀው ለጎረቤቷ ውሰጂላት። እኔ ያን ሁሉ እሁድ ከእህቴ ጋር ሳወራ አንድ ቀን እንኳ አልቀዳሁም። ድምጿ የለኝም።"

ቀዳሁ። ቅዳሜ ዕለት የታችኛዋን ጎረቤት ከእናቴ ጋር አስቀምጬ ወደ ሐጂያ ሄድኩ። ሦስት ታክሲ ነው። ሐጂያ ከስተው፣ ምድር ቤት ባለች ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የልጃቸው ልጅ ስልኩን ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችላቸው። የእናቴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሐጂያ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ አንዴ ፈገግ አሉ፣ አንዴ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሲያልቅ ዓይናቸውን አልገለጡም።

"ምን ትላለች?" አልኳቸው።

"የሰው ቤት አመሸን ትላለች። እንሂድ፣ አዶት ትቆጣናለች፣ ከብቶቹ ገብተዋል ትላለች። ልጅ ሆናለች።"

"ሌላስ? ይሄ ደጋግማ የምትለው?"

ሐጂያ እጄን ያዙ። ሊነግሩኝ እንዳልፈለጉ ገባኝ።

"ይንገሩኝ" አልኳቸው።

"ይቺ ደግ ሴት ማናት ትላለች። ታጥበኛለች፣ ታጎርሰኛለች። ለምንድነው የማትመልስልኝ ትላለች።"

እዚያ ምን ያህል እንዳለቀስኩ አላስታውስም። ሐጂያ ጠብቀውኝ፣ ዝም ስል፣ "በይ ወረቀት አምጪ" አሉኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ፤ በአማርኛ ፊደል ጻፍኩት። እናቴ ሆይ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅሽ ነኝ፣ እዚሁ አጠገብሽ ነኝ ማለት ነው። እስክለው ድረስ አልለቀቁኝም። አንዱን ድምፅ ከጉሮሮ ማውጣት አቃተኝ፤ አሥር ጊዜ አስደገሙኝ። በሦስቱም ታክሲ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ተለማመድኩ። አንዱ ረዳት እየጸለይኩ መስሎት "አሜን" አለኝ።

ስደርስ እናቴ ነቅታ ነበር። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ አልኩት። መጀመሪያ አልሰማችኝም መሰለኝ። ደገምኩት።

ዞራ አየችኝ። ግራ እጇን አንሥታ ጉንጬን ነካችው። ከዚያ መናገር ጀመረች። ፈጠነች፣ ልክ በአጥሩ ላይ እንደምታወራው፣ መሃል ላይም ሳቀች። ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይሆናል። አንዳች አልገባኝም። የምመልሰው ያችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እሷ ትናገራለች፣ ትንፋሽ ስትወስድ እኔ ያንኑ እላለሁ፣ እሷም ራሷን ነቅንቃ ትቀጥላለች። ስልኩን መቅጃ ላይ አላደረግኩም ነበር። ትዝ ያለኝ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ አረፈች።

አዲሱ ሰፈር እድር ገና አልተቋቋመም። ደግነቱ እናቴ ደህና ሳለች አገሬ ቅበሩኝ ብላ ስለነበር የአጎቷ ልጆች መኪና ይዘው መጡ። ከመነሣታችን በፊት ለተከራያችን ደወልኩላቸው። "እዚያ ስትደርሱ ማን እንደነበረች የሚናገር ሰው አለ?" ብለው ጠየቁኝ። አለ፣ አልኳቸው። "ያ ሰው አንቺ አትሆኚም?" አላሉኝም። እኔ ግን ያንን ሰማሁ።

የእናቴን መንደር ከዚያ በፊት የማውቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱም በልጅነቴ። ሰፊ ሣር ነው፣ በሁለት ወገን ቤቶች፣ ከቤቶቹ ኋላ እንሰት። የማላውቀው ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶ ጠበቀን። ሬሳው እንደወረደ ሴቶቹ ተቀበሉን። አንዲት ረጅም አሮጊት ከፊት ወጥተው ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። የእናቴን ስም ሰማሁ። የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለው አለፈኝ። ሴቶቹ ይቀበሏቸዋል፣ አንዳንዴ ዞር ብለው እኔን ያያሉ፣ ስለ እኔ የሚባል ነገር እንዳለ ይታወቀኛል። ሙሾው የሚወርድላት ሴት አንድ ልጇ እኔ ነኝ፤ ከመሃል ቆሜ ምን እንደተባለ የማላውቀውም እኔው ብቻ ነኝ።

ከቀብር ስንመለስ አሮጊቷ አጠገቤ መጥተው እጄን ይዘው ረጅም ነገር ነገሩኝ። ፊታቸው የእናቴን ይመስላል። ጠየቁኝ፣ ጠበቁኝ፣ ደግመው ጠየቁኝ። እኔ የማውቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር ለእሳቸው የምትሆን አልነበረችም።

ከእናቴ የአጎት ልጆች አንዷ ጠጋ ብላ ለአሮጊቷ አንድ ነገር ነገረቻቸው።

"ምን አልሻቸው?" አልኳት።

"አይገባትም፣ እዚያ ነው ያደገችው አልኳቸው።"

አሮጊቷ እጄን ለቀው ጉንጬን ዳሰሱኝና ወደ ሴቶቹ ተመለሱ።